ዘጠነኛው ክሊፕ

ሩስታቪ ዳር ላይ፣ ከመኪና ገበያው ጀርባ፣
ግድግዳው ሦስት የሆነ፣ ባራተኛው ነፋስ የሚገባ
አንድ ጋራዥ አለ።
ባሕር ማዶ ተጋጭተው በጨረታ በርካሽ የተጣሉ፣
ሌላ ታርጋ፣ ሌላ አስፋልት፣ ሌላ ጌታ የሚጠብቁ ሁሉ
እዚያ ይተኛሉ።

ላማራ ትባላለች፤ ከላሜራ በአንድ ፊደል እግር የምትለይ።
ላሜራ ግን አትነካም፤ የእሷ ሥራ ከላይ ከላይ፤
የበሩ፣ የጣሪያው፣ የምሰሶው ልባስ፣
ሽቦው እንዳይታይ፣ ዝገቱ እንዳይታይ፣ መኪናው መልኩ እስኪመለስ።

ዛሬ ግራጫ መጣች፤ የኋላ ግራ በሯ የተመታ፣
ቫርላም ቀጥቅጦት፣ በስቱኮ ሞልቶት፣ ቀለም ቀብቶት ማታ፣
ጠዋት ሲያዩት የረጋ ኩሬ።

መጀመሪያ ላስቲኩን ለጠፈች፣ እርጥበት እንዳይዘልቅ፣
ጥቁሩን ማስቲሽ በአውራ ጣቷ ተጭና፣ ዳር ዳሩን ሳትለቅ።
ሽቦዎቹን በየቀዳዳቸው ሳበች፤ የመስታወቱን፣ የድምፅ ማጉያውን፤
አንዱን የረሳ ሁሉንም ይነቅላል፤ ታውቀዋለች ቅጣቱን።
ከዚያ ልባሱን አንሥታ ከመስታወቱ ከንፈር ሰቀለች፣
ግሳት እንደሚጠብቅ ሰው፣ የሕፃን ጀርባ እንደሚመታ፣ በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

ቀጭ። አንድ።
ቀጭ። ሁለት።
የሚቆጥረው ጆሮዋ ነው፤ ዐይኗ ውጭ፣ ዝናቡ ላይ ነው።
እስከ ስምንት ሰላም ነው።
ዘጠነኛው እምቢ አለ።

በመዳፏ፤ እምቢ። በጉልበቷ፤ እምቢ።
መልሳ ነቀለችው፤ ባትሪ አብርታ ወደ በሩ ሆድ አየች፦
የመስታወት ስባሪ፣ የደረቀ ማስቲካ፣
ዳክዬ የተጠለፈበት፣ የአንድ እግር፣ የልጅ ካልሲ፤
ከካልሲው በላይ ያ ወፍራም ቱቦ፣ ጎን ጠባቂው አግዳሚ፣
ተሰብሮ፣ በሁለት ጠብታ ብየዳ የቆመ፣ ምርኩዝ እንደያዘ ታማሚ።

ኦቲያን ጠራችው። መጣ፤ አጎነበሰ፤ አየ፤ ቀና አለ።
«ላማራ፣ ሰው የሚገዛው ያየውን ነው።
ብረቱ የቫርላም፣ ልባሱ ያንቺ ነው።
በቡጢ ምቺው፤ ይገባል።»
ሄደ።

አባቷ እዚሁ ከተማ፣ ብረት ፋብሪካው ውስጥ አቅላጭ ነበር።
ቤት ሲገባ እጁን ሳይታጠብ የረንዳውን ዘንግ በጥፍሩ ይቆረቁር፣
ገንዳውን ይቆረቁር፣ የአልጋውን ራስጌ፣
ጆሮውን አስጠግቶ።
እናቷ «ደሞ ጀመረህ» ትል ነበር።

የጋዝ ዕዳዋን አሰበች። የኦቲያን ፊት አሰበች።
ካልሲውን አውጥታ ኪሷ ከተተች፤
በካልሲው ቦታ አንዲት ዳዶ፣ ባለ ዐሥር ቁጥሯን፣ ጣለች።
የዘጠነኛውን ክሊፕ አንገት በፒንሳ ቆረጠች፤
ላየው የገባ ይመስላል።
ለነዳው ግን
መንገዱ ሲሻክር በሩ ራሱ ይናገር።

ቅዳሜ ገዢ መጣ፤ ዬርቦላት፣ ካክቶቤ፣ ከሚስቱ ጋር፣
ጎማ ረገጠ፣ ተከራከረ፣ በሩን ዘጋ፤ ደስ አለው።
ልጃቸውን ከኋላ፣ በግራ በኩል፣ ወንበሩ ላይ አሰሩት።
ቋንቋ አልቸገራትም፤ ሁሉም ሩሲያኛ ያውቃሉ።
ኦቲያ አጠገቧ ቆሟል።
«ኳ ካለ፣» አለች ላማራ፣ «ክፈቱት።»
«ምኑን?»
«በሩን። ኳ ካለ፣ ልባሱን ንቀሉት።»
ኦቲያ ሳቀ፦ «አዲስ ነው፤ እስኪለምድ ነው።»

ሬዲዮ ተከፈተ። ጠጠሩ ላይ ወጡ።
እጇ ኪሷ ውስጥ፣ ካልሲው ላይ፤
ኳ። ትሰማለች። ኳ፣ ኳ።
ከማቋረጫው ጥግ ሲደርሱ የፍሬኑ መብራት ቦግ አለ።
ላስፋልቱ ይሁን ለድምፁ
ከዚህ ሆኖ አይለይም።